የማንሞሃን ሲንግን ኦዲዮ ኮርስ 12ቱንም ክፍል ሰምቼ ጨረስኩ፣ ለመግዛት የምታስቡ አንብቡት

የቀድሞው የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ማንሞሃን ሲንግ ታህሳስ 2024 ላይ በ92 ዓመታቸው ሲያርፉ (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ስለሳቸው የማውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፣ ሰማያዊ ጥምጣማቸውንና የህንድን ኢኮኖሚ የከፈቱ ሰው መሆናቸውን። ከዛ አንድ የኦዲዮ ትምህርት የሚሸጥ አፕ ላይ ስለሳቸው ህይወትና ስራ የተዘጋጀ ኮርስ አየሁና ገዛሁት። 12 ክፍል ነው፣ አንዱ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይሄዳል፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ አስተማሪዋ አንዲት ረጋ ያለች ሴት ናት። የአፑን ስም ሆን ብዬ ነው የማልጽፈው፣ ቅሬታም ምስጋናም ስላለኝ ማስታወቂያም ስም ማጥፋትም እንዲሆን አልፈልግም፣ ግን ስለሳቸውም ሆነ ስለሌላ ከኢኮኖሚስትነት ወደ ፖለቲካ ስለገባ ሰው እንዲህ አይነት ኮርስ ስትገዙ ምን ፈልጋችሁ ማዳመጥ እንዳለባችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው።

ባጭሩ፣ ስለ 1991 ያሉት ሶስት ክፍሎች ብቻቸውን ዋጋውን ያወጣሉ። የቀረው ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ እየሸሸ የሚሄድ ነው የመሰለኝ፣ እሱን ወደታች እመጣበታለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ልጅነታቸው ነው። የተወለዱት በ1932 ጋህ በምትባል መንደር፣ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ቻክዋል አውራጃ ነው ያለችው። እናታቸው ገና ህጻን እያሉ ሞቱባቸው፣ ያሳደጓቸው የአባታቸው እናት ናቸው፣ መንደሩ መብራት ስላልነበረው በኩራዝ ነበር የሚያጠኑት። በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ ቤተሰቡ ተፈናቅሎ ወደ ህንድ ተሻገረና በኋላ አምሪትሳር ገባ። አስተማሪዋ ይሄንን በደንብ ትተርካለች፣ በተለይ የወደድኩት በትምህርት ቤት በኡርዱ ፊደል ስለተማሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑም በኋላ የሂንዲ ንግግራቸውን የሚያነቡት በኡርዱ ፊደል ተጽፎላቸው እንደነበር የምትነግረን ቦታ ነው። አንድ ሰው የተፈናቀለበትን አገር ፊደል እስከ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ይዞት ሄደ ማለት ነው፣ እኔ ይሄን ስሰማ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ፣ አቁሜ እንደገና ከመጀመሪያ ሰማሁት።

ግን ኩራዙ ላይ በጣም ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ ድሃ ልጅ ተምሮ ካምብሪጅ ገባ የሚለውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ካምብሪጅ ሴንት ጆንስ ኮሌጅ ገቡ፣ በ1956 የአዳም ስሚዝ ሽልማት አገኙ፣ በ1957 በአንደኛ ማዕረግ ጨረሱ፣ ከዛ ኦክስፎርድ ኑፊልድ ኮሌጅ ዶክትሬታቸውን በ1962 ያዙ፣ ይሄ ሁሉ በትክክል ተነግሯል። የተዘለለው ዶክትሬቱ ስለምን እንደሆነ ነው! እሱ እኮ ነው ቁልፉ። በዛ ዘመን ህንድ ውስጥ ብዙዎቹ ፕላነሮች የሚያስቡት ኤክስፖርት አያድግም፣ ዓለም ከኛ የሚገዛው ነገር የለም፣ ስለዚ በራችንን ዘግተን ለራሳችን እናምርት ብለው ነው፣ ሲንግ ደግሞ የ1950ዎቹን የህንድ ኤክስፖርት አንድ በአንድ አይተው ችግሩ ያለው በአብዛኛው የውጭው ገበያ ላይ ሳይሆን የራሳችን ፖሊሲ ላይ ነው አሉ። ገና የ30 ዓመት ወጣት እያሉ ማለት ነው። በ1991 ያደረጉትን ነገር ሀሳብ ከ30 ዓመት በፊት ወረቀት ላይ አስፍረውት ነበር፣ ኮርሱ ይሄንን በሁለት ዓረፍተ ነገር አልፎት የሽልማት ዝርዝር ይቆጥራል።

ከዛ ክፍል 4፣ እዚ ጋ ነው በጣም ያዘንኩት። ከ1966 እስከ 1990 ያለው ጊዜ በሙሉ በአንድ ክፍል ታጭቋል፣ በቃ የስራ ዝርዝር እንደማንበብ ነው። የተባበሩት መንግስታት የንግድና ልማት ጉባዔ ውስጥ ሰሩ፣ ዴልሂ ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ አስተማሩ፣ በ1971 የውጭ ንግድ ሚኒስቴር አማካሪ፣ በ1972 የመንግስት ዋና የኢኮኖሚ አማካሪ፣ ከዛ የገንዘብ ሚኒስቴር ውስጥ ከፍተኛ ሃላፊ፣ ከ1982 እስከ 1985 የማዕከላዊ ባንኩ ገዢ፣ ከዛ እስከ 1987 የፕላን ኮሚሽኑ ምክትል ሊቀመንበር። ፋታ እንኳን የለውም። እኔ ግን ደጋግሜ ያሰብኩት ይሄ ነው፣ ያኔ ህንድ ውስጥ ፋብሪካ ለመክፈት ላይሰንስ ያስፈልጋል፣ ያለህን ፋብሪካ ለማስፋት ላይሰንስ፣ ማሽን ከውጭ ለማስገባት ላይሰንስ፣ ስርዓቱን ራሱ ላይሰንስ ራጅ ነበር የሚሉት፣ የላይሰንስ አገዛዝ እንደማለት። ሰውየው ደግሞ 15 ዓመት ሙሉ የዚህ ስርዓት ቢሮዎች ውስጥ ነበሩ፣ ፋይሎቹ በእጃቸው አልፈዋል። በሩን ዘግቶ የያዘው ቤት ውስጥ ኖረው ኖረው ቁልፉን ሲያገኙ የከፈቱት ሰው ናቸው። እዛ ቢሮ ውስጥ ሆነው ምን ያስቡ ነበር? ያላመኑበትን ይፈርሙ ነበር ወይስ ቀስ እያሉ ነው ሀሳባቸው የተለወጠው? ኢኮኖሚስት ወደ መንግስት ሲገባ ምን ይሆናል የሚለውን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ያለ አይመስለኝም፣ አስተማሪዋ አታነሳውም።

ከ1987 እስከ 1990 ጄኔቭ ላይ የሳውዝ ኮሚሽን (የታዳጊ አገሮችን ልማት የሚያጠና ቡድን) ዋና ጸሃፊ ነበሩ፣ ሊቀመንበሩ የታንዛኒያው ጁሊየስ ኔሬሬ ነበሩ። በዘመኑ የመንግስት ኢኮኖሚ ዋና ጠበቃ ከሆኑ አፍሪካዊ መሪ ጋር ሶስት ዓመት ሰርተው፣ ወዲያው ተመልሰው ህንድን ለገበያ መክፈት! ይሄም ሁለት ደቂቃ ነው የተሰጠው።

እሺ አሁን ጥሩው። ክፍል 5፣ 6ና 7፣ ስለ 1991። እነዚህን ሶስት ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ፣ ሶስት ጊዜም አልሰለቸኝም።

አስተማሪዋ የምትጀምረው ከቀውሱ መንስኤ ነው፣ በጣም ግልጽ አድርጋ። መንግስት ለዓመታት ከገቢው በላይ ሲያወጣ ቆይቷል፣ በ1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወር የነዳጅ ዋጋ ተሰቀለ፣ ባህረ ሰላጤው ላይ የሚሰሩ ህንዶች የሚልኩት ገንዘብ ተመታ፣ ውጭ የሚኖሩ ህንዶች ባንክ ያስቀመጡትን ዶላር ማውጣት ጀመሩ፣ አበዳሪዎች በር ዘጉ። ግንቦት 1991 ላይ 20 ቶን ወርቅ ወደ አንድ የስዊዝ ባንክ ተላከ። በዛው ወር በ21 የኮንግረስ ፓርቲ መሪና የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ራጂቭ ጋንዲ በምርጫ ቅስቀሳ ላይ ተገደሉ። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ናራሲምሃ ራኦ ስልጣን ሲይዙ ያለው የውጭ ምንዛሪ ለሁለት ሳምንት ኢምፖርት ብቻ የሚበቃ ነበር፣ ይሄን ሲንግ ራሳቸው በባጀት ንግግራቸው ላይ ተናግረውታል።

የሹመቱ ታሪክ ደስ ይላል። የራኦ ሰው መጥቶ የገንዘብ ሚኒስትር እንዲሆኑ ይፈለጋሉ ሲላቸው ሲንግ ከምር አልወሰዱትም፣ ያኔ የዩኒቨርሲቲዎች ኮሚሽን ሊቀመንበር ነበሩ። በነጋታው ራኦ ራሳቸው ፈልገው አገኟቸውና ተቆጥተው ልብስህን ቀይርና ለቃለ መሃላ ና አሏቸው። ሰኔ 21 ቀን። ልብ በሉ፣ ሰውየው በዛን ሰዓት የፓርላማ አባል እንኳን አልነበሩም።

ከዛ የሩፒው ጉዳይ። ዲቫሉዌሽኑ፣ ማለትም የህንድ ገንዘብ የሩፒ ዋጋ ሆን ተብሎ ዝቅ መደረጉ፣ በሁለት ደረጃ ነበር፣ ሐምሌ 1 እና ሐምሌ 3፣ መጀመሪያ ወደ 9 ፐርሰንት፣ ከዛ ወደ 11 ፐርሰንት። የመጀመሪያው ገበያውን ለመፈተሽ ነው። ግን የመጀመሪያው ሲታወጅ ፖለቲከኛው ሁሉ ተነሳ፣ ራኦ ተጨነቁና ሁለተኛው ይቁም አሉ። ሲንግ ለማዕከላዊ ባንኩ ምክትል ገዢ ለራንጋራጃን ደወሉ፣ ራንጋራጃን ደግሞ አልፏል፣ ተደርጓል አሏቸው። አስተማሪዋ ይሄን ስትተርክ ድምጿን ዝቅ ታደርገዋለች፣ የስልኩን ጥሪ በዛ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ የምትሰሙት ነው የሚመስለው። እኔ ይሄን ክፍል የወደድኩት ድራማ ስላለው ብቻ አይደለም፣ የኢኮኖሚክስ መጽሃፍ ላይ ዲቫሉዌሽን አንድ ግራፍ ነው፣ መስመሩ ይንሸራተታል በቃ፣ እዚ ግን ሰው የሚፈራበት፣ ሀሳቡን የሚቀይርበት፣ ስልክ ዘግይቶ የሚደርስበት ነገር እንደሆነ ይገባችኋል። በዛው ሐምሌ ወር ውስጥ ወደ 47 ቶን የሚጠጋ ወርቅ ለእንግሊዝና ለጃፓን ማዕከላዊ ባንኮች በመያዣነት ተሰጠና ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ተገኘበት። ህንድ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ወርቁን የሚያስይዘው ሌላ ምንም ሲጠፋ ነው፣ ስለዚ ዜናው ሲወጣ ህዝቡ ውስጥ የፈጠረው ሃፍረት ከቁጥሩ በላይ ነበር።

ሐምሌ 24 የባጀት ንግግር። በዛው ቀን ቀደም ብሎ የኢንዱስትሪ ፖሊሲው ወጣ፣ ከ18 ኢንዱስትሪዎች በስተቀር ላይሰንስ ቀረ፣ በተመረጡ ዘርፎች የውጭ ባለሃብት እስከ 51 ፐርሰንት ድርሻ መያዝ ቻለ። ሲንግ ንግግራቸውን የዘጉት ጊዜው የደረሰን ሀሳብ በምድር ላይ ያለ የትኛውም ሃይል ሊያቆመው አይችልም የሚለውን የቪክቶር ሁጎን አባባል ጠቅሰው ነው። ሁሉም ሰው የሚጠቅሰው ይሄንን ነው። ኮርሱን የማመሰግነው ግን ከንግግሩ በኋላ ስለሆነው ስለነገረን ነው፣ ማዳበሪያ ላይ 40 ፐርሰንት ጨምረው ነበርና የራሳቸው የኮንግረስ ፓርቲ አባላት ጮሁ፣ የገበሬ ድምጽ ነው የመረጠን አሉ፣ መጨረሻ ላይ ጭማሪው ወደ 30 ወረደና ትናንሽ ገበሬዎች ከጭማሪው ነጻ ሆኑ። ትክክል ነኝ የሚል ኢኮኖሚስት እንደዛ ሲሸነፍ ይለቅ ነበር፣ እሳቸው አልለቀቁም፣ አስር ነገር ለማሳለፍ አንዱን ተዉ። ፖለቲከኛ የሆኑት ያን ሳምንት ነው ብዬ አምናለሁ። በ1996 ስልጣን ሲለቁ የውጭ ምንዛሪው ክምችት ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፣ የጀመሩት 1 ቢሊዮን አካባቢ ላይ ነው።

አሁን ወደዛ የሸሸው ጥያቄ።

በ1999 ማንሞሃን ሲንግ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ በቀጥታ የህዝብ ድምጽ ጠየቁ፣ ደቡብ ዴልሂ ላይ ተወዳደሩና ተሸነፉ። የተማረ ሰው፣ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው፣ በሳቸው ሪፎርም የተጠቀመ ሰው የሚኖርበት አካባቢ እኮ ነው! ኮርሱ ለዚህ የሰጠው ጊዜ ቆጥሬዋለሁ፣ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ለኔ ግን የሙሉ ህይወታቸው ማጠንጠኛ ይሄ ነው። ፓርላማ የገቡት በ1991 በአሳም ግዛት በኩል በላይኛው ምክር ቤት ነው፣ ራጅያ ሳባ፣ አባላቱን የሚመርጡት የየግዛቱ ምክር ቤቶች እንጂ ህዝቡ በቀጥታ አይደለም፣ ለዛ ሲሉ ጉዋሃቲ ከተማ ውስጥ የኪራይ አድራሻ ነበራቸው፣ በአሳም እስከ 2019 ቆዩ፣ ከዛ በራጃስታን በኩል እስከ ሚያዝያ 2024። አስር ዓመት ሙሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ አንድም ቀን የታችኛው ምክር ቤት አባል አልነበሩም።

ይሄ ማለት ስልጣናቸው ሁልጊዜ የውሰት ነበር። በ1991 ከራኦ የተዋሱት፣ በ2004 ደግሞ ከኮንግረስ ፓርቲ መሪ ከሶንያ ጋንዲ (የተገደሉት የራጂቭ ባለቤት)፣ ሶንያ ምርጫውን አሸንፈው ወንበሩን አልፈልግም ሲሉ ነው ለሳቸው የተሰጣቸው። አበዳሪው ከጎናቸው ሲቆም ታሪክ ሰሩ፣ አበዳሪው ፊቱን ሲያዞር ደግሞ የሚመኩበት የራሳቸው መራጭ አልነበራቸውም። በዚህ አይን ብታዩት ክፍል 9፣ 10 እና 11 አንድ ላይ ይገጥማሉ፣ አስተማሪዋ ግን አንዱን የስኬት ሌላውን የውድቀት ክፍል አድርጋ ለየብቻ ታቀርባቸዋለች።

ለምሳሌ ከአሜሪካ ጋር የተደረገው የኒውክሌር ስምምነት። በሐምሌ 2005 ከቡሽ ጋር ተጀመረ፣ መንግስቱን ከውጭ የሚደግፉት የግራ ፓርቲዎች አጥብቀው ተቃወሙ፣ በ2008 ድጋፋቸውን አነሱ። ሲንግ ወደ ኋላ አላሉም፣ ሐምሌ 22 ቀን 2008 የመተማመኛ ድምጽ ተሰጠ፣ 275 ለ256 አሸነፉ። በዛች አንድ ጉዳይ የራሳቸውን ወንበር አስይዘው ቁማሩን ተጫወቱ፣ ፓርቲውም አብሯቸው ቆመ። በ2009 ምርጫውን እንደገና ሲያሸንፉ፣ አምስት ዓመት ጨርሶ የተመለሰ ጠቅላይ ሚኒስትር ከአገሪቱ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ከኔህሩ በኋላ እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። በመጀመሪያው ዘመናቸው የመረጃ ነጻነት ህጉ ወጣ፣ ለገጠር ቤተሰብ በዓመት የ100 ቀን ስራ የሚያረጋግጠው ህግ ወጣ፣ ሁለቱም በ2005። በዛው ዓመት ነሐሴ ላይ በ1984 በሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ላይ ለደረሰው ጭፍጨፋ በፓርላማ አንገቴን በሃፍረት እደፋለሁ ብለው ይቅርታ ጠየቁ፣ ራሳቸው ሲክ ሆነው፣ ጭፍጨፋው ሲፈጸም በስልጣን ላይ የነበረውን ፓርቲ ወክለው። እዚ ቦታ አስተማሪዋ ለጥቂት ሰከንድ ዝም ትላለች፣ ትክክለኛ ምርጫ ነው።

ክፍል 11 ላይ ግን ጥድፊያ አለ፣ እንዲያውም ስህተት ሊባል የሚችል ነገር። ስለ 2ጂ የሞባይል ላይሰንስ ቅሌት (የሞባይል ሞገድ ፈቃድ በርካሽ ታድሏል የተባለበት) ስታወራ መንግስት 1.76 ላክ ክሮር (1.76 ትሪሊዮን) ሩፒ አጣ ብላ ታልፋለች። ዋና ኦዲተሩ ያወጡት ይሄ ቁጥር እኮ ግምት ነው፣ ሞገዱ በተሻለ ዋጋ ቢሸጥ ኖሮ ሊገኝ ይችል የነበረ ገንዘብ ማለት ነው፣ ከካዝና የወጣ ጥሬ ብር አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 122 ላይሰንሶችን መሰረዙን ትናገራለች፣ በታህሳስ 2017 ልዩ ፍርድ ቤቱ ተከሳሾቹን በሙሉ በነጻ ማሰናበቱን ግን አትናገርም። እኔ ሲንግን ነጻ ለማውጣት አይደለም፣ ሚኒስትራቸው ላይሰንሱን ሲያድል አይተው ዝም ማለታቸው ሃላፊነታቸው ነው፣ የውሰት ስልጣን ያልኳችሁ ይሄንን ነው፣ ሚኒስትሩ የጥምር ፓርቲ ሰው ነበር፣ ከነኩት መንግስቱ ይናጋል። ግን የከፈለ ሰው ሙሉውን ታሪክ መስማት አለበት።

ስለ 2013 መስከረም ያለው ደሞ ጥሩ ነው። የተፈረደባቸውን ፖለቲከኞች ወንበር የሚያተርፍ አዋጅ የሲንግ ካቢኔ አጽድቆ ነበር፣ እሳቸው አሜሪካ እያሉ የሶንያ ልጅ ራሁል ጋንዲ ጋዜጠኞች ፊት ቀርበው ይሄ የማይረባ ነገር ነው ቀዳችሁ ጣሉት አሉ፣ አዋጁም ተሳበ። በጥር 2014 በሰጡት ጋዜጣዊ መግለጫ ታሪክ ከዛሬው ሚዲያና ከተቃዋሚዎች ይልቅ ለኔ ደግ ይሆናል ብለው ተናገሩ። ኮርሱ ውስጥ የራሳቸው ድምጽ አለ፣ ቀስ ያለ፣ ለመስማት ጆሮ የሚያስጠጋ ድምጽ።

ስለ አገልግሎቱ ትንሽ ልበል። ዳውንሎድ ችግር የለውም፣ ፍጥነቱን መጨመር መቀነስ ይቻላል። ቁጥሮች ግን ሳይብራሩ ነው የሚያልፉት፣ ላክ ማለት 100 ሺ፣ ክሮር ማለት 10 ሚሊዮን ነው፣ ይሄን ሳታውቁ ከገባችሁ ግማሹ አይገባችሁም። ትራንስክሪፕት አለው ተብሎ ነው የሚሸጠው፣ የኔ ላይ የሁለት ክፍሎች ጽሁፍ አልነበረም፣ አንዱ ደግሞ የተሻለው ክፍል 6። ጻፍኩላቸው፣ በሶስተኛው ቀን በትህትና መለሱ፣ አንዱን ላኩ፣ ክፍል 6 እስካሁን አልመጣም።

ማን ይግዛው? ኢኮኖሚክስ የምትማሩ ልጆች በእርግጠኝነት፣ ግን ከክፍል 5 ጀምሩ፣ እስከ 8 ስሙና ከዛ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ፣ የልጅነቱ ታሪክ ያኔ ነው ክብደት የሚኖረው። መንግስት መስሪያ ቤት የምትሰሩ ደግሞ ክፍል 4ን ስሙና የጎደለውን ራሳችሁ ጠይቁት። የመጨረሻው ክፍል አጭር ነው፣ በህዳር 2016 ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ ትላልቅ የሩፒ ኖቶችን ሲሰርዙ ሲንግ ራጅያ ሳባ ውስጥ ተነስተው ይሄ የተደራጀ ዘረፋ ነው፣ እድገቱን 2 ፐርሰንት ያህል ይቀንሰዋል ያሉበትን ንግግር ይዟል፣ በ2023 ነሐሴ በዊልቸር ፓርላማ መጥተው ድምጽ የሰጡበትንም። ለዚህ ክፍል ብቻ ሌላ ሰዓት ቢጨመርለት እከፍል ነበር።

አንድ የቀረ ነገር። 12 ክፍል ውስጥ አዲስ አበባ አንድም ጊዜ አልተጠራችም። ግንቦት 2011 ላይ ለሁለተኛው የህንድ አፍሪካ ጉባዔ እኛ ጋ መጥተው ነበር፣ ለአፍሪካ የ5 ቢሊዮን ዶላር የብድር መስመር ያስታወቁት እዛ ነው፣ በኢትዮጵያ ፓርላማም በአካል ተገኝተው ንግግር አድርገዋል። እኔ ንግግሩን በጽሁፍ ነው ያነበብኩት፣ ድምጹን እስካሁን አላገኘሁም። በዛን ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ ወይም ቅጂው ያላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ከታች ጻፉልኝ።